ሰው ባየች ቁጥር የምትጮኸው ሴትዮ

እኔ የምፈራው ነገር ብዙ ነው። መብረቅ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ስልክ ያለ ሰዓቱ ሲጠራ እፈራለሁ፣ በሰዓቱ ሳይጠራ ሲቀርም እፈራለሁ። የሰፈራችን ሴቶች «አንቺ ደግሞ ፍርሃት ሲታደል ወረፋውን ደጋግመሽ ነው የተሰለፍሽው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ይኸ ሁሉ ፍርሃቴ ተጠራቅሞ አንድ ትልቅ ፍርሃት የሆነው ግን ልጄ ሙሉቀን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት ነው።

የሹፌር እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ሌላዋ እናት ልጇ እንዳይሞትባት ትጸልያለች። የሹፌር እናት ይኸንንም ትጸልያለች፣ ልጇ ሰው እንዳይገድልባት ደግሞ ትጨምራለች። በኛ አገር ሰው የገጨ ሹፌር ነገሩ በፖሊስና በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅለትም። ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይባላል፣ የሟች ወንድም ልቡ እስኪበርድ ድረስ በዚያ መንገድ ማለፍ ይቀራል። ደም ነዋ! እና ሙሉቀን ጧት ቁልፉን አንስቶ ሲወጣ «ሰው እይ» እለዋለሁ፤ ከዚያ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ የምላት ጸሎት አጭር ናት። «ልጄንም ከሰው፣ ሰውንም ከልጄ ጠብቅልኝ።»

ታዲያ ክረምቱ እንደወጣ፣ ሙሉቀን የሚነዳለት አያ ምትኩ አሮጌዋን ሚኒባስ ሸጦ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አዲስ ገዛ። አያ ምትኩ ጎረቤታችን ነው። ረዳት አላምንም ብሎ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ «እንፍራንዝ! እንፍራንዝ!» እያለ የሚጣራ ባለ ማኪና እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ሆዱ በሩን ስለሚሞላው ተሳፋሪው በጎኑ እየተሽሎከለከ ነው የሚገባ።

ማኪናዋን ሊያሳየን ደጃችን ድረስ አመጣት። ድምፅ የሚባል የላትም። ከኋላዬ ደርሳ ቆማ ነው ያየኋት። ዘልዬ ዳር ያዝሁ።

«አያ ምትኩ፣ ምነው ይች እንደ ድመት ነው እንዴ የምትሄደው? ሰው ሳይሰማት ብትደርስበትሳ?» አልሁት።

«ለሱ መላ አላት» አለኝ እየሳቀ። ከፊተኛው መስታወት ላይ፣ ከላይ መሀል ለመሀል፣ የአተር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር አሳየኝ። «ይች ዓይኗ ናት። መንገድ ላይ ሰው ስታይ ትጮኻለች። ሹፌሩ ቢዘናጋ እንኳ እሷ አትዘናጋም። ድምጿ የሴት ነው።»

«እውነትህን ነው?»

«ሙች እልሻለሁ!»

እኔ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ጠጋ ብዬ የማኪናዋን መስታወት ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በግራም በቀኝም ተሳለምሁት። የሰፈሩ ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ ሙሉቀን «እማየ ደግሞ!» ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይሳቁ! እኔ ስንት ዘመን ቤቴ ተቀምጬ በሆዴ ስጮኸው የኖርሁትን ጩኸት፣ አብራው ተቀምጣ የምትጮኽለት ሴት ተገኘች። ደመወዝ አልጠየቀች፣ እንቅልፍ አልጠየቀች። ምን ቀረኝ?

በማግሥቱ ገበያ ነበርና ለምርቃቷ ብዬ ጋቢና ተቀምጬ እንፍራንዝ ድረስ አብሬ ሄድሁ።

ከጎንደር መነኸሪያ ሳንወጣ ጀመረች። መጀመሪያ ቲጥ ቲጥ ቲጥ ትላለች፤ ከዚያ አንዲት ሴት በቻይንኛ ረዘም ያለ ነገር ትናገራለች፤ ከሹፌሩ ፊት ደግሞ ቀይ የሰው ምስል ብልጭ ድርግም ይላል። ቋንቋውን ባላውቀውም ያለችው ገባኝ። «ሰው! ሰው! አታይም እንዴ አንተ ልጅ!» ነው የምትለው። ወላድ መሆን አለባት ብዬ አሰብሁ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የተሠራችበት አገር ሰዎች አስፋልት ላይ ወጥተው አያውቁም መሰለኝ። እኛ ዘንድ አስፋልት የሁሉ ነው። ገበያተኛው በአስፋልት ነው የሚሄደው። ለቅሶ ደራሹ በአስፋልት ነው የሚመለሰው። ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው ጎን ለጎን ሆነው ጨዋታቸውን ይዘዋል። ሁለት የተነፋፈቁ ሰዎች ሲገናኙማ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል መሀል አስፋልት ላይ ቆመው ነው በትከሻ የሚሳሳሙት። ሰላምታው ደግሞ አያልቅም። ልጁ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል። ማኪና ሲመጣ ቀና ብለው ያዩና «ማኪና መጣ» ተባብለው ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ።

ሴትዮዋ ይኸን ስታይ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። አዘዞን እስክናልፍ ትንፋሽ አልሰበሰበችም። ያንዱን ነግራ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣባታል። ማክሰኝት ገበያ ስንደርስ ንግግሯን መጨረሱን ትታ መጀመሪያውን ብቻ ትደጋግም ጀመር። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጆሮውን ያዘ፣ ቀጥሎ ተቆጣ።

«ኧረ ይችን ሴትዮ አንድ በሏት!» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

«ግን ምን እያለች ነው?» አለች ዶሮ የታቀፈች ሴት።

«ሒሳብ ያልከፈለ ሰው አለ እያለች ነው» አላት አጠገቧ ያለው።

አያ ምትኩ ደንግጦ ዘወር አለ። «ማነው?»

ማኪናው በሳቅ ተናወጠ። ያልሳቀው ሙሉቀን ብቻ ነው። መሪውን ጨብጦ ጆሮው በርበሬ መስሏል።

«እማየ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው በሌለበት ቦታ ሰው አለ ቢሉኝ ይሁን፣ እሰማለሁ። ሰው በሞላበት አገር ሰው አለ፣ ሰው አለ፣ ሰው አለ፣ ምን የሚሉት ነው ይኸ?»

«እኔስ ጧት ጧት የምልህ ይኸንኑ አይደል?»

«አንቺ አንዴ ብለሽኝ ቤት ትቀሪያለሽ። ይችን የት ላድርሳት?»

ለካ የተቸገረው እሱ ብቻ አይደለም። እንደሷ ያሉ ማኪኖች ከተማው ውስጥ በዝተዋል፤ ሹፌሮቹም አንዳቸው እንኳ ሴትዮዋን አልወደዷትም። መነኸሪያ ውስጥ ተሰብስበው የሚያሟት ጎረቤት እንጂ የማኪና ዕቃ አትመስልም። አንዱ «እኔማ ሌሊት በሕልሜ ትመጣለች» ይላል። ሌላው «ከሚስቴ ጋር አንድ ላይ ሲጮኹብኝ ማንኛዋን እንደምሰማ ጠፋኝ» ይላል። አራዳ ሰፈር አንድ ሽቦዋን በጥሶ ዝም የሚያሰኝ ሰው አለ መባሉን ስሰማ ግን ሮጬ አያ ምትኩ ዘንድ ሄድሁ። አያ ምትኩ እንኳ «ሽቦ ከተነካ ዋስትናዋ ይቀራል» ብሎ እንቢ አለ። እኔ ግን በሱ እንቢታ ብቻ አላረፍሁም። ሙሉቀንን ደጅ አቁሜ አስማልሁት።

«እጅህን እንዳታሳርፍባት!»

«አላሳርፍባትም።»

«ማል!»

«እናቴ ትሙት እጄን አላሳርፍባትም!» አለ እኔው ፊት ቆሞ። ልቤ አረፈ።

የሱ ልብ ግን አላረፈም። ማታ ሲገባ ራሱን አሞት ነው የሚገባው። ማንኪያ ከሰሃን ጋር ሲጋጭ በርገግ ይላል። እኔም ሌላ ፍርሃት ጨመርሁ። በንዴት የሚነዳ ልጅ፣ ተዘናግቶ ከሚነዳው በምን ይሻላል? ቁጭ ብዬ አሰብሁ፤ መፍትሔውም መጣልኝ። ሴትዮዋ እንግዳ ናት፣ አገሩን አታውቀውም፣ ብቻዋን ሆና ነው እንዲህ የምትርበተበተው። አጋዥ ያስፈልጋታል።

ወደ ሚካኤል ሄድሁና የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ገዛሁ። የመጽሐፍ ገጽ ታህላለች፤ ክንፎቹ የተዘረጉ፣ ሰይፉ የተመዘዘ፣ ሸጋ ሥዕል ናት። በትልቅ ጠርሙስ ማስቲሽ ይዤ ማኪናዋ ላይ ወጣሁ። ሥዕል እንግዲህ ጥግ ላይ አይለጠፍም፣ ነውር ነው። የመልአክ ቦታ ከላይ መሀል ነው። ሴትዮዋም እዚያው ስላለች ጎን ለጎን ሆነው ይጠብቁልኛል ብዬ ደስ አለኝ። ዓይኔ ደግሞ ቅርቡን ማየት ከተወ ቆይቷል፤ የአተር ፍሬዋ የት ጋ እንደሆነች በደንብ አልለየኋትም። ስለዚህ ሙሉቀንን ጠየቅሁት።

«እዚህ ጋ ይሁን?»

ውጭ ቆሞ በመስታወቱ አሻግሮ ያየኛል። «ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለኝ።

«እንዲህ?»

«ወደ ግራ… ትንሽ… አሁን ሸጋ ነው! እንዳትነኪው! ደህና አድርገሽ ለጥፊው!»

ልጄ ለመልአኩ እንዲህ መጨነቁን ሳይ እንባዬ መጣ። ማስቲሹን አልሰሰትሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉቀን ሌላ ሰው ሆነ። ራስ ምታቱ ጠፋ። እያፏጨ ይገባል፣ ግንባሬን ይስማል፣ ብርቱካን ይዞልኝ ይመጣል። «እማየ፣ ሥዕሉ ሠራ!» ይለኛል። እኔም ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ወሬው መነኸሪያ ሲደርስ ሹፌሮቹ መጡልኝ። አዲስ ማኪና ያለው ሁሉ ሥዕል እየገዛ ደጄ ላይ ያቆማል። «እናታችን፣ ለኔም በእጅሽ ለጥፊልኝ! ያንቺ እጅ ነው የሚሠራው!» እኔ ሞኟ ማስቲሼን ይዤ ከአንዱ ማኪና ወርጄ አንዱ ላይ እወጣለሁ። አንዱ ጊዮርጊስን ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ገብርኤልን፣ አንዱ ኪዳነ ምሕረትን። የሚገርመው፣ ሁሉም «ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ማለት ያውቃሉ። የዘንድሮ ወጣት ሃይማኖት የለውም የሚሉትን ሰዎች ሳገኛቸው «ኑና መነኸሪያውን እዩ» እላቸው ነበር። ባለ ማኪኖቹም አንዳቸው ትንፍሽ አላሉም። ሥዕል አንሣ ብሎ የሚያዝዝ የጎንደር ሰው ከየት ይመጣል?

እንዲህ ሆኖ እያለ የወንድሜ ልጅ እንፍራንዝ ላይ ወለደች። ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዤ አራስ ልጠይቅ ከሙሉቀን ጋር ተነሣሁ፤ እንደ በፊቱ ጋቢና ተቀመጥሁ።

ጉዞው ጸጥ ያለ ነው። የገበያ ቀን ነው፣ አስፋልቱ በሰው ተሞልቷል፣ ሴትዮዋ ግን ትንፍሽ አትልም።

«ሴትዮዋስ? አመማት እንዴ?» አልሁት።

ሙሉቀን ወደ መንገዱ እያየ «አገሩን ለመደችው» አለኝ። «አሁን የምትናገረው የሚያሰጋ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው።»

አመንሁት። እንዴት አላምነው! የተለማመደ ሰው ዝምታ ያበዛል። መልአኩም አጠገቧ ቆሞ ያረጋጋታል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በማኪና ውስጥ ትከሻዬ ለቀቅ አለ፤ መስኮቱን ከፍቼ ነፋስ እቀበል ጀመር።

ማክሰኝትን አለፍን። አንድ የቆመ የጭነት ማኪና አለ። አያ ምትኩ ከበሩ ላይ ሆኖ «ሙሉቀን፣ ዝርዝር አለህ?» ሲል ሙሉቀን ዘወር አለ። ልክ ያን ጊዜ ከጭነት ማኪናው ፊት አንድ ሽማግሌ ወጡ። ጥላቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ በመንገዱ መሀል በእርጋታ ይራመዳሉ።

አየኋቸው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኋት።

 ዕድሜ ልኬን ስጮህ የኖርሁ ሴት፣ መጮህ በሚገባኝ ሰዓት እሷ አለች ብዬ አፌን ዘግቼ ጠበቅሁ። ጥላው መስታወቱን ሊሞላው ሲደርስ ነው ድምፄ የወጣው። ምን እንዳልሁ አላውቅም። ቃል አልነበረም። ሙሉቀን ፍሬኑን በሁለት እግሩ የቆመበት ይመስለኛል፤ የገንፎው ዱቄት ተበተነ፣ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተደራረበ፣ አያ ምትኩ ሆዱ በሩ ላይ ባይያዝ ኖሮ አስፋልቱ ላይ ነበር።

ማኪናዋ ቆመች። የጥላው ጫፍ አፍንጫዋን ነክቷታል።

ሽማግሌው ጆሯቸው አይሰማም ኖሯል። ጥላቸው ከኋላ ሲነካባቸው ጊዜ ዘወር አሉ፤ ማኪናዋን አዩ፣ በዱቄት የነጣ ፊቴን አዩ። «ምነው ልጆቼ፣ ቆማችሁ ምን ትጠብቃላችሁ? እለፉ እንጅ! መንገዱ ሰፊ ነው» አሉን። መርቀውን ዳር ያዙ።

ማንም አልሳቀም። 

«ለምን አልጮኸችም?» አልሁ።

ሙሉቀን የተበተነውን ዱቄት ይጠርግ ጀመር።

«አያ ምትኩ፣ ለምን አልጮኸችም?»

አያ ምትኩ ጣቱን ወደ ሥዕሉ ቀሰረ። «እንዴት ብላ ትጩህ? ዓይኗ ላይ ሚካኤልን ለጥፈሽባት።»

ሙሉቀንን አየሁት። ወለሉን ያያል። እጁን አላሳረፈባትም፣ መሐላውን ጠብቋል፤ የኔን እጅ ነው ያሳረፈባት። «ታውቁ ነበር?» አልሁ ወደ ኋላ ዞሬ። «እናቴ፣ የማያውቅ ማን አለ?» አለችኝ አንዲት ነጋዴ ሴት አዝና። ያ ሁሉ ጊዮርጊስ፣ ያ ሁሉ ገብርኤል፣ ያ ሁሉ «ትንሽ ወደ ግራ» ፊቴ ላይ መጣብኝ። የከተማውን ሴትዮዎች ዓይን በሙሉ የደፈንሁ እኔው ነኝ።

ልልጠው ብዬ ተነሣሁ። ማስቲሹ የራሴ ሥራ ነውና የሚላቀቅ አይደለም። በጥፍሬ ስፍቀው የክንፉ ጫፍ ሊቀደድ ሆነ፤ እጄን ሰበሰብሁ። የመልአክ ክንፍ እቀድዳለሁ እንዴ? ብተወው ሰው ይሞታል፣ ብልጠው ኃጢአት ነው። ሙቅ ውሃ እስኪገኝ ድረስ የቀረው መንገድ አንድ ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጠበቅሁና የሴትዮዋን ሥራ ራሴ ያዝሁት።

«ሰው! በቀኝ! ጥላ ያለው! ኋላው ደግሞ ሌላ አለ! ያች ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀስ በል! ያ ሰውየ ጠጥቷል፣ አረማመዱን እየው! እነዚያ ሊሳሳሙ ነው፣ ቁም! ቁም አልሁ! ያ ደግሞ ዳር ነው የቆመው፣ ግን ሊሻገር አስቧል፣ ፊቱ ያስታውቃል!»

ቻይናዋ የምትናገረው መንገድ ላይ ያለውን ሰው ነበር። እኔ ከቤቱ ሊወጣ ያሰበውንም ጨመርሁ። አራሷን እንዴት እንደጠየቅሁ አላስታውስም፤ ልጁን ስሜ ወጣሁ። ስንመለስም አፌን አልዘጋሁም።

«ኧረ እባካችሁ ቻይናዋን መልሱልን!» አለ አንዱ ተሳፋሪ።

«የሷስ አይገባንም ነበር!» አለ ሌላው።

አዘዞ ስንደርስ ሙሉቀን ዳር ያዘና አቆመ። «እማየ፣ ነገም ልትመጭ ነው?»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ዓይኔ እስኪጠፋ።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ቀና ሳይል «አላየኋቸውም» አለኝ። «ሽማግሌውን። ጭራሽ አላየኋቸውም። አንቺ ባትኖሪ…» አላስጨረስሁትም። ዱቄት በነካው እጄ ራሱን ዳበስሁት፤ ፀጉሩ ነጣ።

መነኸሪያ እንደደረስን ከሻይ ቤት ሙቅ ውሃ አመጣ። ጨርቅ እየነከረ ሥዕሉን አራሰው፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ነው ቀስ ብሎ ያላቀቀው። ክንፉ አልተቀደደም። አድርቆ ከራሱ በላይ ጣሪያው ላይ ለጠፈው። ሹፌሮቹ ከበቡን።

«ሙሌ፣ ከሴትዮዋ ታረቅህ እንዴ?» አለው አንዱ።

«ታረቅሁ።»

«ኧረ አታደርገውም! እንደገና ልትጮህብህ?»

እኔ ብቅ አልሁ። ድምፄ ዘግቷል፣ ፊቴ አሁንም ዱቄት ነው። «ነገ ደግሞ ከናንተ የማንኛችሁ ጋቢና ልግባ?» አልኋቸው። «ሥዕሉን የለጠፍሁት እኔ ነኝ። እስኪነሣ ድረስ እዚያው ቁጭ ብዬ እጮሃለሁ።»

ተሳፋሪው የሆነውን ነግሯቸው ነበርና እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሙቅ ውሃ ሊጠይቅ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደ። ሌላውም ተከተለው። የሻይ ቤቷ ባለቤት ያን ቀን ሻይ ሳይሆን ውሃ ስታፈላ ዋለች።

«ማየቷን ግን በምን እናውቃለን?» አለ አያ ምትኩ። «ማስቲሽ ተርፎባት ቢሆንሳ? አንድ ሰው ፊቷ ይቁም።»

ሁሉም ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ውሻ የምፈራ፣ መብረቅ የምፈራ እኔ ወጥቼ ማኪናዋ ፊት ለፊት ቆምሁ።

«እማየ፣ አይሆንም!» አለ ሙሉቀን።

«ንዳ!» አልሁት።

ቀስ አድርጎ አነሣት። ድምፅ የላትም አላልኋችሁም? ዝም ብላ ትመጣለች። ዓይኔን ጨፈንሁ፣ አጭሯን ጸሎቴንም ረሳኋት። ከዚያ ቲጥ ቲጥ ቲጥ አለ፤ ሴትዮዋ የታፈነችበትን ዘመን ሁሉ የምትወጣ ይመስል መነኸሪያውን በጩኸት አናወጠችው።

ዓይኔን ስገልጥ ማኪናዋ ቆማለች። ሙሉቀን በተከፈተው መስኮት ይሰማኛል። አንገቱን ወደሷ ቀና አድርጎ፣ ሰው ለሰው እንደሚመልስ እየመለሰላት ነው።

«እሺ፣ እሺ፣ አየኋት» ይላታል። «እናቴ ናት።»